ባዶ ቀለህ፤ በዋግ ተራሮች የጥይት ታሪክ

ስለ ኢትዮጵያ ጦርነቶች የተጻፈው ጥቂት አይደለም። የነገሥታቱ ዘመቻ፣ የመኳንንቱ ሽኩቻ፣ የአርበኛው ተጋድሎ በየመልኩ ተተርኳል። ጠመንጃም ቢሆን ድርሻውን አላጣም፤ በፉከራና በሽለላ በስሙ እየተጠራ ከፈረስና ከጎራዴ እኩል ተወድሷል። ከተተኮሰ በኋላ ከሣር ውስጥ ተፈልጎ የሚለቀመው ባዶ ቀለህ ግን ታሪክ ነጋሪ እምብዛም አላገኘም። ይሁን እንጂ ጠመንጃ ጥይቱ ካለቀ ከዱላ ብዙም አይሻልም። ወደቡ በባዕዳን እጅ በወደቀበት አገር ደግሞ ጥይት ማለቁ የማይቀር ነበረ። ስለዚህ አንድ ጊዜ የተተኮሰውን ቀለህ መልሶ የመሙላት ጥበብ፣ በሌላው ዓለም የአዳኝ የትርፍ ጊዜ ሥራ ሊሆን ቢችልም፣ ለኢትዮጵያ ገበሬ ወታደር የነፃነት ጉዳይ ነበረ።

ይህንን ጉዳይ ለመመርመር ከዋግ የተሻለ መነሻ ማግኘት ያስቸግራል። ለባሩድ ከሚያስፈልጉት ነገሮች አንዱ የሚመጣው ከጨው ምድር ሲሆን ሰቆጣ የጨው ገበያ ነበረች። ዘውድ የጫነ የዋግ ልጅ በመሣሪያ ማነስ ዘውዱን አጥቷል። በጠላት ወረራ ዘመንም የዋግ አርበኛ በጥይት ድርቅ መካከል ተዋግቶ ወድቋል። ሦስቱ ታሪኮች ተያይዘው ሲታዩ አንድ እውነት ያወጣሉ፤ ይኸውም አገሪቱ ከጥይት ክፍሎች አብዛኛውን ለራሷ ማዘጋጀት ስትችል፣ አንዲት የጥፍር ያህል ትንሽ ነገር ግን ከእጇ ሳትገባ መቅረቷ ነው።

ድኝ በጨው መንገድ

ዋግ ወደ ተከዜ ሸለቆ የሚወርድ፣ ከላስታና ከትግራይ ጋር የሚዋሰን ወጣ ገባ ምድር ነው። ኽምጣና የሚናገረው የአገው ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ የኖረበት ሲሆን፣ ከዛጉዌ ነገሥታት የሚወለዱት ዋግሹሞች ለብዙ ዘመን አስተዳድረውታል። መናገሻቸው ሰቆጣም የታወቀች የንግድ ከተማ ነበረች። ከአፋር ዝቅተኛ ምድር በአሞሌ እየተቆረጠ በግመልና በበቅሎ የሚወጣው ጨው በሰቆጣ ገበያ ይራገፍና ወደ ላስታ፣ ወደ በጌምድርና ከዚያም ወዲያ ይሠራጭ ነበር።

ጥቁር ባሩድ የሚፈልገው ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ ናይትሬት የተባለውን ጨው፣ ድኝና ከሰል። ከ100 እጅ 75 ያህሉ ናይትሬት ሲሆን ቀሪውን ድኝና ከሰል ይካፈሉታል። ናይትሬቱ የከብት ፍግና ሽንት ከሰነበተበት አፈር ታጥቦና ተጣርቶ ይወጣል። ከሰሉ ከቀላል እንጨት ይከሰላል። ድኝ ደግሞ ጨው ከሚቆረጥበት ከዚያው ከአፋር በረሃ ይገኛል። ስለሆነም ደገኛው ባሩድ ለመቀመም ባሕር መሻገር አላስፈለገውም። በ19ኛው ምዕተ ዓመት የመጡ መንገደኞችም ባሩድ በአገር ውስጥ ይሠራ እንደነበር መዝግበዋል። እርሳስ ሲጠፋ ጥይቱ ከብረት እየተቀጠቀጠ ይዘጋጅ ነበር። በለኮሳ ክር የሚተኮሰው ነፍጥ ዋና መሣሪያ በነበረበት ዘመን፣ እንዲህ ያለው የእጅ ሥራ ለአንድ ጭፍራ የሚበቃውን ያህል ይበቃ ነበር።

ነገሩን የለወጠው በሩቅ አገር የተፈጠረ ግኝት ነው። አሌክሳንደር ፎርሳይዝ የተባለ የስኮትላንድ ቄስ ወፍ ማደን ይወድ ነበር። ባልጩት የሚተኩሰው ጠመንጃው አስቀድሞ ብልጭ ሲል ወፎቹ እየሸሹ አስቸገሩት። ከዚህ ተነሥቶ፣ ሲመታ ራሱን በራሱ የሚለኩስ ቅመም ለጠመንጃ ማቀጣጠያ አዋለ፤ በ1807 እ.ኤ.አ.ም የባለቤትነት መብት አወጣበት። ቅመሙ ፉልሚኔት የሚባለው የብረታ ብረት ጨው ነው። ቆይቶ በትንሽ የመዳብ ቆብ ውስጥ ተጨመረና ካፕሱል ተባለ። ከዚያ ወዲህ የክርና የባልጩት ዘመን እያበቃ ሄደ። ካፕሱል የሌለው ጠመንጃም ዲዳ ሆነ።

ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያቋቋሙት የመሣሪያ ሥራ ይህንን እውነት በግልጽ ያሳያል። በአውሮፓውያን ባለሙያዎችና በኢትዮጵያውያን ሠራተኞች እጅ 7 ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል መድፍ ተፈሷል። ያን ግዙፍ ነገር ከተራራ ተራራ ጎትቶ መቅደላ ያደረሰ ጉልበት የጥፍር ያህሏን ካፕሱል ግን ሊሠራ አልቻለም። ምክንያቱም ካፕሱል የኬሚስትሪ እንጂ የጉልበት ሥራ አይደለም።

የጎበዜ ዕድል

በ1860 ዓ.ም. በናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር ከቀይ ባሕር ተነሥቶ ወደ መቅደላ ሲዘልቅ፣ አሸንጌን አልፎ በላት በኩል የዋግና የላስታን ደጋ አቋርጧል። በዚያ ጊዜ የአካባቢው ገዥ ዋግሹም ጎበዜ ነበሩ። አባታቸው ዋግሹም ገብረ መድኅን በቴዎድሮስ ስለተሰቀሉ፣ በንጉሡ ላይ ሸፍተው ሰፊ አገር ይዘው ነበር። ስለዚህ የጎበዜ ወገን በእንግሊዞች ላይ ጦር አላነሣም፤ መንገድ ሰጠ።

እንግሊዞች ይዘውት የመጡት መሣሪያ ሰናድር ነው። የእንግሊዝ ጦር ይህንን ከኋላ የሚጎርስ ጠመንጃ በጦር ሜዳ ለመጀመሪያ ጊዜ የተኮሰው ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በእሮጌ ሜዳ ላይ ነው። የሰናድር ጥይት ባሩዱን፣ እርሳሱንና ካፕሱሉን በአንድ የናስ ልብስ አጣምሮ የያዘ ሲሆን፣ ቦክሰር የተባለ የእንግሊዝ መኮንን ያወጣው ነው። ይህም በመሆኑ ቀለህ የሚባለው ነገር በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ በብዛት የወደቀው በዚያ የስቅለት ዕለት ነው ለማለት ይቻላል።

ከቴዎድሮስ ሞት በኋላ ዋግሹም ጎበዜ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። ይሁን እንጂ እንግሊዞች ሲመለሱ ስጦታቸውን ያራገፉት መውጫ በራቸውን ለያዙት ለትግራዩ ካሣ ምርጫ ነበር። 12 መድፎችና ከ700 በላይ ጠመንጃዎች ከነባሩዳቸውና ከነካፕሱላቸው ለካሣ ተሰጡ። ኪርክሃም የተባለ እንግሊዛዊም ለካሣ ጦር አሠልጣኝ ሆኖ ቀረ። በሐምሌ ወር 1863 ዓ.ም. ሁለቱ ወገኖች በዓድዋ አጠገብ በአሰም ሲገናኙ፣ የተክለ ጊዮርጊስ ሠራዊት እስከ 60,000፣ የካሣ ግን 12,000 ገደማ እንደነበር ይነገራል። ብዛት በመሣሪያ ተረታ። ተክለ ጊዮርጊስ ቆስለው ተማረኩ፤ ዓይናቸው ጠፍቶ በግዞት ሞቱ። አሸናፊውም ዮሐንስ አራተኛ ተብለው ዘውድ ጫኑ።

የድሉ ምክንያት መሣሪያ ብቻ ነበር ማለት ትክክል አይሆንም፤ ሥልጠናና የአመራር ብልሃትም ነበረበት። ነገር ግን ለዋግ ሰው የቀረለት ትምህርት ግልጽ ነበር፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ጥቂት ሣጥን የዘውድን አቅጣጫ ሊያዞር ይችላል።

ጥይት ሲመነዘር

ከዚያ በኋላ የነበሩት ዓመታት ጠመንጃ እንደ ጎርፍ የገባባቸው ናቸው። በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ ግብፆች ሲሸነፉ ረሚንግተን ጠመንጃ በሺህ እየተቆጠረ ተማረከ። በ1879 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ፣ ግጥሙን ትቶ ነጋዴ በሆነበት ዘመኑ፣ በካፕሱል የሚተኮሱ ያረጁ ጠመንጃዎች ጭኖ ለምኒልክ ለመሸጥ ሸዋ ደርሷል። ከጣሊያንም በውጫሌ ውል ዘመን በ10 ሺሕ የሚቆጠር ጠመንጃ ተገኘ። ከሁሉ ይበልጥ በሕዝቡ ዘንድ የተስፋፋው ግን ፈረንሳዮች በ1874 እ.ኤ.አ. ያወጡት የግራ ጠመንጃ ነው። ፈረንሳይኛው «ፉዚ ግራ» በአማርኛ አፍ ውጅግራ ሆነ። ሰናድር፣ ለበን፣ ምንሽር፣ አልቢን የሚሉት ስሞችም በዚሁ መንገድ አገርኛ ሆነዋል።

የውጅግራ ጥይት 11 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ 25 ግራም የሚመዝን የእርሳስ አረር በ5 ግራም ከሩብ ጥቁር ባሩድ የሚወረውር ነው። ይህ ጥይት በኢትዮጵያ ከጦር መሣሪያነት አልፎ ገንዘብ ሆነ። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ፣ ማርትሬዛ ብር ለትንሽ ግዢ ሲበዛ፣ በብዙ ገበያ አሞሌና ጥይት የብር ምንዛሪ ሆነው አገልግለዋል። ባዶው ቀለህ እንኳ በአነስተኛ ዋጋ ይወሰድ ነበር። ዋጋ የኖረውም መልሶ ሊሞላ ስለሚችል ነው። ዝናር የታጠቀ ሰው ገንዘቡን በወገቡ ዙሪያ ይዞ ይሄድ ነበር፤ በተኮሰ ቁጥርም ከኪሱ ያወጣ ነበር። ቆጥቦ መተኮስ የጀግንነት ብቻ ሳይሆን የኢኮኖሚም ሕግ ነበር ማለት ነው።

ቀለህ እንዴት ይሞላል

የውጅግራን ቀለህ መልሶ ለመሙላት የሚነሣ ሰው የመጀመሪያ ሥራው መምረጥ ነው። አንገቱ የተሰነጠቀ፣ ወገቡ ላይ የሚያብረቀርቅ ክብ መስመር ያወጣ ወይም መቀመጫው የላላ ቀለህ ይጣላል። እንዲህ ያለው ሲተኮስ ይቀደድና እሳቱ ወደ ተኳሹ ዓይን ይመለሳል። ጥቁር ባሩድ የሚተወው ጥላሸት ናስን ስለሚበላ፣ ቀለሁ ሳይውል ሳያድር በውሃ መታጠብና ፈጥኖ መድረቅ አለበት። በድሮው ካፕሱል ውስጥ የነበረው የሜርኩሪ ቅመምም ናሱን ውስጥ ለውስጥ እያሰባበረ ያደክመዋል። ስለዚህ አንድ ቀለህ ስንት ጊዜ እንደሚሞላ የሚወስነው አያያዙ ነው።

ሁለተኛው ሥራ የተመታውን ካፕሱል ማውጣት ነው። እዚህ ላይ በአንድ ዘመን የኖሩ ሁለት ሰዎች ጥበብ ይለያያል። የእንግሊዙ ቦክሰር ካፕሱሉን ሲሠራ፣ ቅመሙ ተመትቶ የሚደቀቅበትን ጉብታ በራሱ በካፕሱሉ ውስጥ አደረገው፤ የቀለሁንም ቂጥ በአንድ ቀዳዳ ከመካከል በሳው። ስለዚህ በቀጭን ብረት ከውስጥ ገፋ ማድረግ ብቻ በቂ ነው። አሜሪካዊው በርዳን ግን ጉብታውን ከቀለሁ ጋር አዋሐደው፤ እሳት ማሳለፊያውንም በጎንና በጎን ሁለት ትናንሽ ቀዳዳ አደረገው። ይህንን ከውስጥ ገፍቶ ማውጣት አይቻልም፤ በጎን ፈልፍሎ ወይም በውሃ ግፊት አስፈንጥሮ ማውጣት ይጠይቃል። የሚገርመው፣ ቆይቶ አሜሪካ የእንግሊዙን፣ የአውሮፓ ጦሮች ደግሞ የአሜሪካዊውን አሠራር መያዛቸው ነው። ወደ ኢትዮጵያ የገባው የአውሮፓ ጥይት በብዛት የበርዳን ዓይነት በመሆኑ፣ ደሀው ተዋጊ የደረሰው ለመሙላት አስቸጋሪ የሆነው ነው።

ሦስተኛው የቀለሁን አፍ ማስተካከል ነው። ናስ ሲተኮስ በጠመንጃው ውስጥ ያብጣል፤ ተመልሶ እንዲገባና እርሳሱን አጥብቆ እንዲይዝ አፉ መጥበብ አለበት። ከዚያ አዲሱ ካፕሱል ይቀመጣል፤ ከቂጡ ወጣ ካለ ጥይቱ ገና ሲጎርስ ሊፈነዳ፣ ከገባ ደግሞ ሊከሽፍ ይችላል። ባሩዱ በአንድ መስፈሪያ እኩል እየተሰፈረ ይገባል። ጥቁር ባሩድ በአረሩና በራሱ መካከል ባዶ ሥፍራ ሊኖረው አይገባም፤ ክፍተት ካለ ጠመንጃውን ሊሰነጥቅ ይችላል። በላዩ ውታፍ ይደረግበታል። በመጨረሻ በቅርጽ ማውጫ የፈሰሰው፣ ስብ የተቀባው እርሳስ ይቀመጣል። የተሞላው ጥይት ዝናር ከመግባቱ በፊት ጠመንጃው ይቀበለው እንደሆነ ይሞከራል።

ይህ ሁሉ ትዕግሥትና ጥንቃቄ እንጂ ትልቅ መሣሪያ አይጠይቅም። በ1870ዎቹ እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጎሽ አዳኞች በእሳት ዳር ሆነው ጥይታቸውን ይሞሉ ነበር። በ1884 እ.ኤ.አ. በዚያው አገር አይዲያል የተባለ ድርጅት ካፕሱል የሚያወጣ፣ የሚተክልና አረር የሚያፈስ የእጅ ጉጠት ለገበያ አቅርቧል። የአሜሪካው አዳኝና የኢትዮጵያው ተዋጊ ሥራቸው አንድ ቢሆንም ዕጣቸው ግን የተለያየ ነበር። ያኛው ካፕሱሉን በሣጥን ከመንደር ሱቅ ይገዛል። ይኼኛው ካፕሱሉ ከባሕር ማዶ፣ በባላጋራው ወደብ በኩል ካልመጣ አያገኘውም።

ጥይት ተመትቶ ሳይነሣ ሲቀር በአማርኛ ከሸፈ ይባላል። ያው ቃል ላልተሳካ ሐሳብ፣ ላልሠመረ ሤራ፣ ከግቡ ላልደረሰ ሥራ ሁሉ ያገለግላል። ቃሉ በሕዝብ ልብ ምን ያህል እንደከበደ የሚያውቀው፣ በመጨረሻዋ ጥይት ተማምኖ ቃታ የሳበ ሰው ነው።

የቀጥቃጩ እጅ

ጠመንጃ የሚጠግነው፣ ብረት የሚያቀልጠውና የሚቀጠቅጠው ማን ነበር ቢባል፣ መልሱ በወናፍና በጉጠት የሚኖረው ቀጥቃጭ ነው። በባላባቱ ሥርዓት ቀጥቃጭ ቡዳ ይባል ነበር። በብዙ ሥፍራ ርስት አይሰጠውም፤ ከሌላው ጋር አይጋባም፤ ማዕድም አይቆርስም። ጠመንጃ ተሸካሚው በአደባባይ ሲፎክር፣ ጠመንጃውን ያስተካከለለት ሰው ከመንደር ዳር በጎጆው ይቀመጥ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማውጣታቸው፣ ስድቡ ምን ያህል ሥር እንደሰደደ ያስረዳል።

የዚህ ንቀት ዋጋ በሥነ ምግባር ብቻ የሚለካ አይደለም። ሰናድር ከታየበት ከ1860 ዓ.ም. እስከ ማይጨው 68 ዓመት አለ። በዚያ ጊዜ ውስጥ የብረት ጥበብ የተከበረ ሙያ ሆኖ በትምህርት ቤትና በቤተ ሙከራ ቢደገፍ ኖሮ፣ ካፕሱል ከአቅም በላይ ሆኖ ባልቀረ ነበር። ጃፓን በተመሳሳይ ዘመን የራሷን ጠመንጃ ከነጥይቱ ማምረት ጀምራለች፤ በ1880 እ.ኤ.አ. ሙራታ የተባለውን የመጀመሪያ አገር በቀል ጠመንጃዋን አውጥታለች። በኢትዮጵያ ግን መሣሪያ የሚገዛ ወርቅና የዝሆን ጥርስ እንጂ መሣሪያ ሠሪ የሚያፈራ ማኅበራዊ ሥርዓት አልነበረም።

ከዓድዋ እስከ ማይጨው

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ዋግሹም ጓንጉል የዋግን ጦር ይዘው ከተሰለፉት መካከል ነበሩ። ድሉ የተገኘው በሕዝቡ አንድነትና ጀግንነት ነው። ይሁንና ከጦርነቱ ቀደም ብሎ በአሥር ዓመት ውስጥ የተከማቸው ጠመንጃና ጥይት ባይኖር ጀግንነቱ ብዙ ደም ባስከፈለ ነበር።

ከዓድዋ በፊት ጀምሮ ግን የጥይት ዓለም እንደገና እየተለወጠ ነበር። ፈረንሳዮች በ1886 እ.ኤ.አ. በለበን ጠመንጃ ጭስ አልባ ባሩድ አስገቡ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። የጥይቱ ውፍረት ከ11 ወደ 8፣ እንዲያም ሲል ወደ 6 ሚሊ ሜትር ተኩል ወረደ። የአረሩ እርሳስ ጠንካራ የብረት ልብስ ለበሰ። ጭስ አልባው ባሩድ በፋብሪካ እንጂ በሙቀጫ አይሠራም። አዲሱን ባሩድ በአሮጌው ውጅግራ የሞላ ሰው ጠመንጃው በእጁ ላይ ሊፈነዳበት ይችላል። ጥቁር ባሩድ በአዲሱ ቀለህ የሞላ ደግሞ ደካማና ጠመንጃውን በጥላሸት የሚዘጋ ጥይት ያገኛል። በዚህ ሳቢያ የቀለህ ሞይው ሙያ እያደር ከአሮጌ ጠመንጃ ጋር አረጀ።

በ1928 ዓ.ም. ጦርነት ይህ ሁሉ ጎልቶ ወጣ። የኢትዮጵያ ሠራዊት ውጅግራ፣ ለበን፣ ምንሽር፣ መውዜርና ሌላም ብዙ ዓይነት ተሸክሞ ዘመተ። የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም፤ ስለዚህ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ወታደሮች ጥይት ሊበዳደሩ አይችሉም ነበር። ጦርነቱ ሊጀመር ሲል የአውሮፓ መንግሥታት በሁለቱም ወገን የመሣሪያ ሽያጭ ሲያግዱ፣ እገዳው የጎዳው ፋብሪካ የሌለውን ብቻ ነው።

መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ መደበኛው ውጊያ ሲያበቃ የአርበኝነት ዘመን ተጀመረ። በዋግ የዋግሹም ከበደ ልጅ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ ሕዝቡን አስተባብረው ተነሡ። በ1929 ዓ.ም. ክረምት በላስታ፣ በዋግና በበጌምድር የተቀጣጠለው ዐመፅ ጠላትን ክፉኛ አስደነገጠ። የአርበኛው ግምጃ ቤት ግን ጠላቱ ራሱ ነበር፤ ጥይት የሚገኘው ከተማረከ ምሽግ፣ ከወደቀ ወታደር ዝናር ነው። የጣሊያኑን 6 ነጥብ 5 ሚሊ ሜትር ጥይት ለመተኮስ የጣሊያኑን ጠመንጃ መማረክ ያስፈልጋል። አሮጌው ዝናር ሙሉ ሆኖ አዲሱ ጠመንጃ ሊራብ፣ አዲሱ ዝናር ሙሉ ሆኖ አሮጌው ሊራብ ይችላል። በመስከረም ወር 1930 ዓ.ም. ደጃዝማች ኃይሉ በጠላት እጅ ወደቁ፤ ተገድለውም ራሳቸው ተቆርጦ ለሕዝብ ማስፈራሪያ ታየ። ሕዝቡ ግን በዚያ አልተገታም፤ ትግሉ ነፃነት እስከተመለሰበት እስከ 1933 ዓ.ም. ዘለቀ።

የቀረው

ከነፃነት በኋላ፣ በ1940ዎቹ፣ በቼኮስሎቫኪያ ባለሙያዎች እርዳታ በአዲስ አበባ የጥይት ፋብሪካ ተቋቋመ። ከእሮጌ ሜዳ ጀምሮ 80 ዓመት ያህል ያስቸገረችው የጥፍር ያህል ቆብ በመጨረሻ በኢትዮጵያውያን ሠራተኞች እጅ ገባች። ዛሬ ጥይት መሥራት የመንግሥት ሥራ ነው፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅም ይህንኑ በሕግ ያስራል። በየጦር ሜዳው ተቀብሮ የሚገኝ አሮጌ ጥይትም ለመፈታታት የሚሞከር ነገር አይደለም፤ በዕድሜ ብዛት የከፋ ቅመም ያለ ማስጠንቀቂያ ሊነሣ ይችላል።

ባዶው ቀለህ ግን በሕዝቡ ኑሮ ውስጥ ሌላ ቦታ አግኝቶ ኖሯል። ጥቂቱ የኩል ማስቀመጫ ሆኗል፤ ጥቂቱ ከአባት ዝናር ጋር ለልጅ ተላልፏል። በየመዘክሩ በመስተዋት ውስጥ የሚታየው ደግሞ ከጀግናው ፎቶግራፍና ከጎራዴው ጎን የተቀመጠው ነው። ከጎኑ ሊቀመጥ የሚገባው ሌላ ነገር የቀጥቃጩ ጉጠት ነው። የዋግ ተራሮች ታሪክ የሚያስተምረው፣ ነፃነት በሚተኩሰው ብቻ ሳይሆን በሚሠራውም እጅ እንደሚጠበቅና፣ ሠሪውን የናቀ ኅብረተሰብ ጥይቱ በሚያስፈልገው ሰዓት እንደሚከሽፍበት ነው።